አያ አጋቢና እመት ቀለበት

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ? የዛሬው ግን ከበረት አይደለም፤ ከብልቃጥ ነው።

ድሮ ድሮ በመድኃኒት ቀማሚው በአለቃ ተድላ ብልቃጥ ባለው ዘይት ውስጥ ከአቧራ የሚያንሱ ቅንጣቶች ይዋኙ ነበር። በመካከላቸው አያ አጋቢ የሚባል ሽማግሌ አለ። እሱ «ተጋቡ!» ካላለ ቅንጣት ከቅንጣት አይጋባም። እሱ ግን ሺህ ቢያጋባ አይጎድል፣ አያልቅ።

አያ አጋቢ አንዱን ጫፍ ከአፉ አስጠግቶ በያዘው ዘንግ ላይ እመት ቀለበት ተሰክታ ትኖራለች። ብርሃን ሲመጣ ወደ ዘንጉ ሌላ ጫፍ ተንሸራታ አፉን ትከፍትለታለች፤ ብርሃን ሲሄድ ተመልሳ አፉ ላይ ገጥማ ትዘጋዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

አያ አጋቢ ተማረረ።

«እኔን የሚያህል ሽማግሌ አፉን በቀለበት ይዘጋ? ሙያ የሌላት!»

«አያ፣ ለሁሉም ልክ አለው» አለችው።

«ልክ የሰነፍ ምክንያት ነው!»

ሄዶ ለብርሃን ከሰሳት። ብርሃን «እኔ መጥቼ እሄዳለሁ እንጂ በሰው ጉዳይ አልገባም» አለው። ለብልቃጥ ከሰሳት። ብልቃጥ «እኔ መያዝ እንጂ መፍረድ አላውቅም» አለው። ለሙቀት ከሰሳት። ሙቀት ደግሞ መቼ አስቦ ያውቃል! «ለዚህች ነው?» ብሎ እንዳትወጣ የሚያግዳትን የዘንጉን ጫፍ አቀለጠው። እመት ቀለበት ሾልካ ወጥታ ጥግ ላይ ወደቀች።

«ነፃ ወጣን!» ብለው ቅንጣቶቹ እልል አሉ። ማን አስሯቸው እንደነበር እንጃ።

አያ አጋቢ መጀመሪያ የሚፈላለጉትን አጋባ። ቀጥሎ የማይተዋወቁትን አጋባ። በመጨረሻ ያገቡትንም ካገቡት ጋር አጋባ።

«አያ፣ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ!» አለች አንዷ።

«ታዲያ ልምድ አለሻ!» አላት።

እጅ ከእጅ ተያያዘ፤ የሚዋኝ ጠፋ። አያ አጋቢ መሃል ላይ ተጣብቆ ቀረና ጨነቀው።

«ኧረ አሳልፉኝ!»

«በምን እጃችን? አንተው አስያዝከን እኮ» አሉት።

በማግስቱ አለቃ ተድላ ብልቃጡን ቢነቀንቁት ድምፅ የለም። «ኧረ ጉድ! ትናንት ዘይት የነበረው ዛሬ ድንጋይ!» አሉና ደጅ ወረወሩት። ብልቃጡ ተሰበረ። እመት ቀለበት ከስብርባሪው ተንከባላ ወጣች፤ ድንጋዩንም አየችው።

«አያ፣ አሁንስ አፍህን ማን ዘጋው?»

ከድንጋዩ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ያጋባኋቸው።»

መዝጊያውን የናቀ፣ መክፈቻም አያገኝ። ተረቴን መልሱልኝ፤ እኔም ሳላበዛው አፌን ልዝጋ።