ገብስማ እንድትበላ

አንዲት ዶሮ ነበረች፤ መብላት ያቆመች። ወሬው ከእሷ ይጀምራል።

ጠጅቱ ባሏ ደምለው ከሞተባት ወዲህ የቀረቻት ገብስማ ዶሮዋ ናት፤ እሱ ከጫጩትነቷ ጀምሮ በጉያው እያሞቀ ያሳደጋት። በቆሎ በተነችላት። ገብስማ ጫር አደረገችውና ዞር አለች።

«ብይ እንጂ እናቴ!»

«አልበላም! በቆሎሽ ሻግቶ ሆዴን ዘጋው። ንጹሕ እህል ስጪኝ፤ የሽፈራው ቅጠልም ደቁሰሽ ቀላቅይልኝ።»

ጠጅቱ አንገቷን ደፋች። የጎተራውን አፍ የመረገው ደምለው ነበር፤ የጣቶቹ አሻራ ጭቃው ላይ ደርቋል። እሱን ላለማፍረስ ስትል እህሉን ሳታናፍሰው ክረምቱ አለፈ። ከሥር ባለችው ቀዳዳ እየቀዳች፣ ሻጋታውን በእጇ እያራገፈች ታበላ ነበር።

ወደ ሽፈራው ዛፍ ሄደች። «ገብስማ አልበላ አለችኝ፤ ቅጠል ስጠኝ።»

«አልሰጥም፤ ጠምቶኛል።»

ወደ ጉድጓዱ ሄደች። «ሽፈራው ቅጠል አልሰጥ አለ፤ ገብስማ አልበላ አለች፤ ውሃ ስጠኝ።»

«ያለ ገመድ? አልሰጥም።»

ገመዱ በጎረቤቷ በአዛለች በር ላይ ተሰቅሏል። «ጉድጓዱ ውሃ አልሰጥ፣ ሽፈራው ቅጠል አልሰጥ፣ ገብስማ አልበላ አሉኝ፤ ና እንሂድ።»

«አዛለች ሳትፈታኝ? አልሄድም።»

እዚህ ላይ የጠጅቱ እግር ታሰረ። ገብስማ የፈዘዘች ሰሞን «የአዛለች ዓይን ነው የበላብኝ» ብላ በመንደሩ አስወርታለች። ከዚያ ወዲህ አዛለች በጠጅቱ ደጅ ስታልፍ ዓይኗን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

አሁንም ጠጅቱን በሯ ላይ ስታይ ሸፈነች። «ዞር በይ እቴ፣ ደግሞ አንቺንም አይቼ እንዳልበላሽ!»

«እትዬ አዛለች፣ ገመዱ አልሄድ፣ ጉድጓዱ ውሃ አልሰጥ፣ ሽፈራው ቅጠል አልሰጥ፣ ገብስማ አልበላ አሉኝ።»

«እኔም አልፈታም! ዶሮሽን ማን እንደበላት እስክትነግሪኝ።»

የጠጅቱ ፊት ጋለ። መሬት መሬት እያየች፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ሻጋታውን እያየሁ አበላኋት። የደምለው እጅ ያረፈበትን ምርጊት ማፍረስ አቃተኝ። ይህን ለሰው መናገር አፍሬ ባንቺ አሳበብኩ።»

አዛለች ነጠላዋን ከዓይኗ አወረደች።

«ለጭቃ ብለሽ እኔን ቡዳ አልሽኝ? ደምለው ይህን ቢሰማ ዶሮዋን ታቅፎ እኔ ቤት ይገባ ነበር!» አለች፤ ግን እጇ ወደ ገመዱ ሄደ።

አዛለች ገመዱን ፈታች፤ ገመዱ ጉድጓድ ወረደ፤ ጉድጓዱ ውሃ ሰጠ፤ ውሃው ሽፈራውን አራሰ፤ ሽፈራው ቅጠል ሰጠ፤ ጠጅቱ ቅጠሉን ደቁሳ ከአዛለች ንጹሕ በቆሎ ጋር ቀላቀለች። ገብስማ አንዴ ጫር፣ አንዴ ለቀም፤ ከዚያማ ቀና አላለችም።

ምርጊቱ ፈረሰ፤ የሻገተው በቆሎ ተቀበረ። አሻራ ያለበትን ቁራሽ ጭቃ ግን ጠጅቱ መደቧ ራስጌ አኖረችው። አዛለች ልታየው መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ዓይኗን ሳትሸፍን።

ገብስማም ጠገበች፤ ወሬውም ጠገበ።