ማንም የማይከፍተው ቦታ

ኮምቦልቻ ውስጥ የዝና የምትባል ሴት ነበረች። ከባላቸው ዱላ የሸሹ ሴቶች በሚጠለሉበት ቤት ትሠራለች። ለፍርድ ቤት ይሆናል ብላ የአሥራ አንድ ሴቶችን ቃል በድምፅ ቀርጻ ይዛለች። ድምፁ ያለበት ኮምፒውተር ግን አርጅቶ በየሰዓቱ ድርግም ይላል። ጠጋኝ ጋ እንዳትወስደው ጠጋኙ ይሰማል፤ እንዳትተወው ሁሉም ይጠፋል። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፁን ማንም የማይከፍተው ቦታ ማስቀመጥ።

ኢንተርኔት ላይ ማከማቻ ፈለገች። አንዱ በነጻ ነው፤ ግን ባለቤቶቹ ገብተው ያያሉ። ሌላው ይቆልፋል፤ ግን ቁልፉን ራሱ ይይዛል። ሦስተኛው እዚያው እሷ ኮምፒውተር ላይ ቆልፎ ይወስዳል፤ ቁልፉም የእሷ ብቻ ነው።

«ይኸው!» አለች።

ማከማቻው ግን በስልኳ ኮድ ካልላክሁ አልከፍትም አለ። ስልኳ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ተሰርቋል። በሰው ቁጥር እንዳትከፍት ኮዱ የሚደርሰው ለሰው ነው። ኮዱ አልመጣ፣ ማከማቻው አልከፈተ፣ ድምፁ አልተቆለፈ።

ቁጥሯን ልታስመልስ ስልክ ድርጅቱ ሄደች። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ «እህቴ፣ መታወቂያሽ ጊዜው አልፏል» አለቻት። ቁጥሩ አልተመለሰ፣ ኮዱ አልመጣ፣ ማከማቻው አልከፈተ፣ ድምፁ አልተቆለፈ።

ቀበሌ ሄደች። «የሚያውቅሽ የሰፈር ሰው መጥቶ ይመስክር» አሏት። በሰፈሯ ከድሮ የሚያውቋት አቶ ይመር ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይመስክሩልኝ» አለቻቸው።

«ልጄ ዘሀራ የት እንዳለች አልጠይቅሽም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ድምጿን ከሰማሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ትደውልልኝ፤ ያን ጊዜ እመሰክራለሁ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ይመር አልመሰከሩ፣ መታወቂያው አልታደሰ፣ ቁጥሩ አልተመለሰ፣ ኮዱ አልመጣ፣ ማከማቻው አልከፈተ፣ ድምፁ አልተቆለፈ።

ዘሀራ ከአሥራ አንዱ ሴቶች አንዷ ናት። የዝና ለመነቻት።

«እትዬ፣ ባሌ አባቴ ቤት ይገባል ይወጣል» አለች ዘሀራ። «መደወሌን ከሰማ ፈልጎ ይመጣል። ያ ኮምፒውተር እጁ ቢገባስ? ቃሌ ሳይቆለፍ አልደውልም።»

ዘሀራ አልደወለች፣ አቶ ይመር አልመሰከሩ፣ መታወቂያው አልታደሰ፣ ቁጥሩ አልተመለሰ፣ ኮዱ አልመጣ፣ ማከማቻው አልከፈተ፣ ድምፁ አልተቆለፈ። ድምፁ ስላልተቆለፈ ዘሀራ አልደወለች! የዝና ዞራ ዞራ እዚያው ሆነች። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ስትከፍተው እምቢ አለ፤ በአራተኛው ነቃ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«የእኔን አጥፊው» አለች ዘሀራ።

«ለፍርድ ቤት ያለሽ እሱ ብቻ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። የአሥሩ ይትረፍ።»

የዝና አልነካውም አለች። ዘሀራ ራሷ ማጥፊያውን ተጫነች፤ ቃሏ ጠፋ። ከዚያ ከአንዷ ሴት ስልክ ተቀበለችና ደወለች። «አባዬ» ብላ አለቀሰች። ከወዲያም የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር።

ዘሀራ ደወለች፤ አቶ ይመር መሰከሩ፤ መታወቂያው ታደሰ፤ ቁጥሩ ተመለሰ፤ ኮዱ መጣ፤ ማከማቻው ከፈተ፤ አሥሩ ድምፅ ገብቶ ተቆለፈ። የዝና ለሙከራ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ጻፈች። ለእሷም አልከፈተም።

ዘሀራ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አሁን ቅረጪኝ» አለች። «ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ።»