ሁለቱ ጆንያዎች

አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነበረ። «ምንም ሳያመኝ ኩላሊትህ ደክሟል ይሉኛል፤ እንዴት ነው ነገሩ?» ብለው ለጠየቁኝ መልሱ እሱ ጋ ነው፣ ጋሽ ሽብሩ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከጓሮ፣ እህሉ ሳይፈጭ ጠጠር የሚለቅሙ አሥር ሴቶች ነበሩት። እሱ ግን ጓሮ ገብቶ አያውቅም። ዱቄቱን በጣቱ ይቀምሳል፤ ካልቆረቆረው ሁሉ ሰላም ነው።

ዓመታት ሄዱ። የአንዷ ዓይን ደከመ፣ የሌላዋ ወገብ። በዚያ ጓሮ ደግሞ የደከመች አትባረርም። ሰፌዷን ይዛ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ድርሻዋን ከጎኗ ያለችው ዝም ብላ ትለቅምላታለች፣ እንዳይታወቅባት። ደግ ነገር ነው። ግን የተቀመጡት ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩ የደህናዋንም እጅ ያዝላሉ። እንዲህ እያለ የሚለቅሙት አራት ብቻ ቀሩ።

ዱቄቱ ግን አሁንም ንጹሕ ነው። ሰውየው «እንደ ልጅነታቸው ናቸው እኮ» ብሎ ሁለት ጆንያ ጨመረባቸው።

አንድ ጠዋት ዱቄቱን ሲቀምስ ጥርሱ ተሰበረ። እየተሳደበ ጓሮ ገባ። አራቱ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይለቅማሉ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መቼ መጥተው ያውቃሉ?» አለችው አንዷ፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ።

ሰውየው ከዚያ ሁለቱን ጆንያ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ አወጣ።

እንግዲህ ጋሼ፣ የእርስዎም ጓሮ እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ሁለቴ አስረድታኝ ነው የገባኝ። ኩላሊት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ያረጃሉ። አንዳንዶቹ ሥራ ያቆማሉ፣ ግን አይሄዱም፤ ያሉበት ሆነው ጎረቤቶቻቸውን ይጎዳሉ። የቀሩት የሁሉንም ይሸከማሉ። ለዚህ ነው የማያምዎት። ጥርስ እስኪሰበር መጠበቅ የለብንም።

የደከሙትን ወጣት አናደርጋቸውም። የቀሩትን ግን እናሳርፋቸዋለን። ሳይቀምሱ ሽሮው ላይ የሚነሰንሱት ጨው አንዱ ጆንያ ነው። ለጉልበትዎ ሕመም ብለው ሐኪም ሳያዝዝ የሚውጡት ማስታገሻ ሁለተኛው። የግፊት ክኒንዎን ደግሞ ትራስ ስር መደበቅ ይተዉ፤ አይቻለሁ።

ሐሙስ ቀጠሮዎ ነው። ባጃጄን በር ላይ አቆማለሁ። ካልወጡ ክላክስ እያስጮህኩ ሰፈሩን አስወጣብዎታለሁ፤ አመሌን ያውቁታል፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እስካሁን የእኔን ድርሻ ዝም ብለው ሲለቅሙልኝ ኖረዋል። አሁን የእርስዎ ጓሮ ገብቼ እኔ ልልቀምልዎ።