የደቦው ጠሪና ዝም ያሉት ጎረቤቶች

በቁም ነገር መሃል ምሳሌ ማውራት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ የአንዱዓለም ነው፤ እሱ ጠየቀኝ። «መምህር፣ ኮምፒዩተሩን ‹ውሃቸው ያልተቋረጠባቸውን ደንበኞች አውጣ› ብዬ ባዝዘው ግማሹን ከተማ ከዝርዝሩ ዋጠው። መረጃውን የምታስገባው ወይንሸት ናት። ሰርዛቸው ይሆን? ነገ ለአለቃ ልከሳት ነው።»

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ጥላው ሲከተለው እንኳ ማን እንደላከው የሚያጣራ። ጤፉ ደርሶ ሳለ ያለወቅቱ ደመና ጠቆረበት። ደቦ ካልጠራ እህሉ ሊበሰብስ ነው፤ ከጠራ ደግሞ ጠላት ማጭድ ይዞ ማሳው ሊገባ ነው። አሰበ አሰበና አሽከሩን «ጠላቴ ያልሆነውን ሁሉ ጥራ» ብሎ ላከው።

አሽከሩ የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር ሌላ ኃጢአት አልነበረበትም። በየደጁ እየቆመ የጌታው ጠላት መሆን አለመሆናቸውን ጠየቀ። ነኝ ያለውን አለፈው፤ አይደለሁም ያለውን ጠራው። የሚበዛው ሰው ግን ይህን ሲጠየቅ ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። ዝም ያለውንም አሽከሩ ተወው፤ አይደለሁም አላለማ።

በማግስቱ የመጡት አማቾቹና አንድ ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌ ብቻ ሆኑ። ገበሬው አገሩ ሁሉ እንደዶለተበት አልተጠራጠረም። አሽከሩን ጉቦ በልተሃል ብሎ አባረረው፤ ዱላውን ይዞም ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ጎረቤቱ ማጭዱን ስሎ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ገበሬው ለእኔ አንገት ነው የተሳለው ብሎ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ለምን ቀረህ?»

«ማን ጠራኝና? አሽከርህ ጠላት ነህ ወይ አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚልክ ሰው ምን አስቦ ይሆን ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ማጭዴን ስዬ ጥሪ እጠብቃለሁ።»

ገበሬው ዱላውን ጣለ። ጉብታ ላይ ወጥቶም በገዛ አፉ፣ «ጠላቴ ነኝ ያለ ይቅር፤ ዝም ያላችሁም ኑልኝ» ብሎ ተጣራ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ዝናቡ ሳይቀድማቸው የጤፉን እኩሌታ አተረፉ። አሽከሩን ግን ፈልጎ አላገኘውም።

አንተም ልጄ፣ ኮምፒዩተርህ ያ አሽከር ነው። ብዙው ደንበኛ ስለመቋረጡም ሆነ ስላለመቋረጡ ምንም አልተጻፈለትም፤ ቦታው ባዶ ነው። ባዶው ደግሞ ‹ያልተቋረጠ› ሲባል አይነሣም፤ ለብቻው ካልጠራኸው አይመጣም። ‹ያልተቋረጠበትንም፣ ምንም ያልተጻፈለትንም› ብለህ እንደገና ጠይቀው። ማሳውን ታተርፋለህ፤ ወይንሸትን አንዴ ካስባረርክ ግን የምትመልስበት ትእዛዝ የለህም።

ይህንንም አደራ ለማንም አትድገመው። አለቃህ የሰማ እንደሆነ ዝም ያለ ሁሉ ወዳጁ ይመስለዋል።