«ከሳህ» የተባለው ጉሬዛ

ጠጋ በሉ፤ እዚያ ማዶ የምታንሾካሽኩትም ዝም በሉ። ይቺን ተረት የምነግራችሁ ደስ እንዲላችሁ አይደለም። ደስ የሚል የፈለገ ሌላ ሰው ይፈልግ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳውም ዛፉም ዕቃውም በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ሻሺቱ የምትባል ጉሬዛ ከባሏ ከአያ ጓንጉል ጋር በአንድ ዝግባ ላይ ትኖር ነበር። ጉሬዛ የሚያምርበት ቅጠሉን በልቶ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነው። አያ ጓንጉል ግን ከገበሬው ቀፎ ማር፣ ከሚስቱ ጓዳ ቅቤ መስረቅ ለመደ። በላ፣ ተኛ። በላ፣ ተኛ። ሆዱ ገፋ፣ ጉንጩ ሞላ። ያየው ሁሉ «ተመስገን፣ አማረበት» አለ። ሻሺቱም ኮራች፤ ባሏ አምሮበት የማትኮራ ማን አለች።

አንድ ጠዋት የዝግባው ቅርንጫፍ ተናገረ።

«እመት ሻሺቱ፣» አለ፣ «እኔ አያትሽንም እናትሽንም ተሸክሜያለሁ፤ አንድም ቀን አላማረርኩም። ባልሽ ግን ከበደኝ። ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እግሩ አብጧል፤ ሲረግጠኝም የሚሰማው አይመስለኝም። ነገሩን አልወደድኩትም።»

ሻሺቱ ልቧ ድንግጥ አለ። ባሏን እየደገፈች፣ እያሳረፈች ወንዝ ዳር ወደሚኖረው ወደ አባ ኤሊ ወሰደችው። አባ ኤሊ የአገሩ መድኃኒተኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ያያል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። እግሩን ነካ ነካ አደረገው፣ ደረቱን አዳመጠው።

«ልጄ፣» አለው፣ «የምሰጥህ ሥር የለም፣ የምቀባህም ቅባት የለም። ማርና ቅቤውን ተው። እንደ አባቶችህ ቅጠልህን ብላ። ጠዋት ጠዋት እስከዚህ ወንዝ ድረስ በእግርህ ናና ተመለስ። እንዲህ ካደረግህ ልጆችህን ትድራለህ። ካላደረግህ ክረምቱን አታልፍም።» ወደ ሻሺቱም ዞረና «ይከሳል። ይክሳ፤ አትደንግጪ» አላት።

አያ ጓንጉል መጀመሪያ ተነጫነጨ። «ቅጠል ደግሞ ምግብ ነው?» እያለ አበሳዋን አሳያት። እሷ ግን ለጋ ለጋውን እየቀነጠሰች አቀረበችለት፤ ጠዋት ጠዋትም ቀድማው እየወረደች አብራው ሄደች። እያደር እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሹ ተመለሰ። አንድ ቀን ከዝግባው ተነስቶ ወይራው ላይ ዘለለ። ሻሺቱ ባለችበት ተቀምጣ በደስታ አለቀሰች። ባሌ ተረፈልኝ አለች።

እሰይ ብለን እንዳንተኛ ጎረቤት አለ።

መጀመሪያ እመት ጦጢት መጣች፣ ጭኮ ይዛ፤ ገብሱ በቅቤ ርሷል። «ውይ አያ ጓንጉል፣ ምን ነካህ? ከሳህ እኮ። አንገትህ ቀጠነ። በል ቅመስልኝ፣ በሞቴ።»

«አባ ኤሊ ከልክሎታል» አለች ሻሺቱ።

«አንዴ ቢቀምስ ምን ይሆናል?» አለች ጦጢት። በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ቀመሰ።

ቀጥሎ አያ ከርከሮ መጣ፣ ማር በቅል ይዞ። ከዛፋቸው ሥር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ከሳህ እኮ ወንድሜ። ጫካው ሁሉ ያንተን ነገር ነው የሚያወራው። እንካ ላስ፣ አፈር ስሆን።»

«አባ ኤሊ ከልክሎታል» አለች ሻሺቱ።

«አባ ኤሊ ራሱ መች ጠግቦ ያውቃል» አለ ከርከሮ። አፈር ስሆን ተብሎስ እንዴት እምቢ ይባላል? ላሰ። ከርከሮ ቅሉን ትቶላቸው ሄደ። ቅሉም «አልጨረስከኝም እኮ አያ ጓንጉል፤ የወዳጅ ስጦታ ሲተርፍ ነውር አይደለም?» እያለ ይነዘንዘው ጀመር። ጨረሰው። የጠዋት መንገዱም ቀረ፤ ጠያቂ በጠዋት እየመጣ፣ እንግዳ አስቀምጦ እንዴት ይሂድ።

በሦስተኛው ደግሞ የአያ ጓንጉል እህት እመት ትርንጎ ከወንዝ ማዶ መጣች። ገንፎ ተሸክማለች፤ መሐሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል። ወንድሟን ስታይ ደረቷን መታች።

«ወንድሜን በቅጠል ገደልሽው» አለች። «ስንድርልሽ ሙሉ ነበር። ዛሬ አጥንቱ ይቆጠራል። ቅቤ ጠፍቶ ነው? ወይስ ሌላ ባል አይተሻል?» ጦጢትና ከርከሮም አጠገቧ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሻሺቱ «አባ ኤሊ» ልትል አፏን ከፈተች። ዙሪያዋን አየች። ሁሉም እሷን ያያሉ። ባሏን በረሃብ የጨረሰች ሊሏት ነው። ይህን ስም ይዛ የት ዛፍ ላይ ትቀመጣለች? አፈረች። እጇን ታጠበች፣ ገንፎውን ቆርሳ ቅቤው ውስጥ ነከረች፣ ወደ ባሏ አፍ አስጠጋች።

«ሻሺቱ፣ ተይ» አላት በቀስታ።

«ጉረስ» አለችው። «እያዩኝ ነው።»

ጎረሰ። ሁሉም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ቅጠል ያቀረበለት የለም።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ እግሩ ቆሰለ፤ ቁስሉም አልድን አለ። ትንፋሹ አጠረ። ሻሺቱ ወደ አባ ኤሊ ሮጠች። አባ ኤሊ በጭቃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲደርስ አያ ጓንጉል አልፏል። እግሩን ዳሰሰው፤ ሻሺቱን አንድ ቃል ሳይናገራት ተመለሰ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ለቅሶው ላይ ጫካው ሁሉ ተሰበሰበ። «ዘገየን» አለች ጦጢት። «ቀደም ብለን ብናበላው ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለ ከርከሮ። «አይ ያ ቅጠል» አለች ትርንጎ፣ እንባዋን እየጠረገች። ሻሺቱ «እኛ ነን የገደልነው» ልትላቸው ፈለገች። ግን የመጨረሻው ጉርሻ ከማን እጅ እንደወጣ ታውቃለች።

ትርንጎ ዘወር ብላ አየቻት። «አንቺም ከሳሽ እኮ የኔ እህት» አለቻት፤ ከልቧ ነው ያዘነችላት። ገንፎ ቆረሰች፣ ቅቤ ነከረች። «ጉረሺልኝ፣ በሞቴ።»

ሻሺቱ የቆሙትን ሁሉ አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ የታመመ ልትጠይቁ ስትሄዱ እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ። ለጎረቤት ዓይን ብሎ የሚበላ ለጎረቤት ዓይን ብሎ ይሞታል፤ ጎረቤቱም ቀብሮት ተመልሶ ይበላል።