ለገበጣው ስም ሲፈለግ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የአንድ ሸለቆ አራዊት ለገበጣ ውድድር ተሰበሰቡ። የሚጫወቱት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በሸለቆው ውስጥ ዝናብ የማያስገባ ዋሻ አንድ ብቻ ነው። በአንበሳ ፍርድ በየዓመቱ በገበጣ ያሸነፈ ክረምቱን እዚያ ያሳልፋል። አዲስ አሸናፊ ካልተገኘ ግን ዋሻው በአምናው አሸናፊ እጅ ይቆያል። የአምናዋ አሸናፊ ቀበሮ ነበረች።

አህያ ዘንድሮ ቆርጣ መጥታለች። አምና የበኩር ውርንጭላዋን በረዶ ደብድቦ ገድሎባታል። አሁን ሌላ ወልዳለች። በጋውን ሙሉ በጅረቱ ዳር በከንፈሯ ጠጠር ስታነሳና ስትጥል ከርማ፣ በሙከራ ጨዋታ ቀበሮን ሁለት ጊዜ አሸንፋታለች። ቀበሮም ይህን አልረሳችም።

ከርከሮ መሬቱን በጥርሱ ቆፍሮ አሥራ ሁለቱን ጉድጓድ አሰናዳ። በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ገባ። አህያ ልትጀምር ስትል ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጌታችን አንበሳ ሆይ፣ ለመሆኑ የዚህ ውድድር ስም ማን ነው?»

አንበሳ ግራ ገባው። «ገበጣ ነዋ!»

«ገበጣማ ማንም ይጫወተዋል። እርስዎ የሚዳኙት ውድድር ስም የለሽ ሆኖ ይቅር? ጆሮ የሚይዝ፣ አፍ የሚሞላ ስም ያስፈልገዋል።»

«እውነትሽን ነው» አለ አንበሳ።

«እንጫወት፤ ስሙ ይደርሳል» አለች አህያ። «ላልተወለደ ልጅ ስም ይወጣለታል እንዴ?»

የሰማት የለም።

አንበሳ «‹የአንበሳ ግርማ› ይባል» አለ።

«እንዴት ያምራል!» አለች ቀበሮ። «ብቻ የተሸነፈ ሁሉ ‹በአንበሳ ግርማ ጉድ ሆንኩ› እያለ ሲያወራ፣ ስምዎ ከሽንፈት ጋር እንዳይነሳ ፈራሁ።»

«ይቅር! ይቅር!»

ጅብ ዘሎ ተነሳ። «እኔ አለኝ! ‹የሰባ ቅልጥም›!»

«አያ ጅቦ፣ ቅልጥምን ከገበጣ ጋር ምን አገናኘው?» አለ ከርከሮ።

«ቅልጥም ከምን ጋር ነው የማይገናኘው?»

ቀበሮ ራሷን ነቀነቀች። «ስሙስ ሸጋ ነበር። ግን ሰምቶ የመጣ እንግዳ ‹ቅልጥሙን አምጡ› ቢል ማን ይሰጠዋል?»

«ለእንግዳማ አልሰጥም!» አለ ጅብ፤ የሌለውን ቅልጥም እንዳይወስዱበት ዙሪያውን እየተገላመጠ።

አንዱ ቀን እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ቀን የቀረበው ስም ሁሉ ረዘመ ተባለ። በሦስተኛው አጠረ ተባለ። በአራተኛው ከርከሮ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ደመናው ከተራራው ወርዶ አንገታቸው ላይ ደረሰ፤ እነሱ ግን ቀና ብለው አላዩትም።

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለች አህያ። «አንድ ዙር እንኳን እንጫወት! ዝናቡ ስም እስክታወጡ አይጠብቅም።»

«እመት አህያ፣ ስምሽ አህያ ሆኖ ሳለ ስለ ስም ምን ታውቂያለሽ?» አለ ጅብ። በቀልዱ ራሱ ሳቀ።

ቀበሮ ግን ለስላሳ ነበረች። «ትንሽ ታገሺ፣ እህቴ። ሊገኝ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ተገኘ። ‹የጠጠር ጀግና›! አንበሳ አገሳ፣ ጅብ አሽካካ፣ ከርከሮ ደንግጦ ነቃ። ቀበሮ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

«በሉ አሁን እንጫወት!» አለ አንበሳ።

ወደ ገበጣው ሲዞሩ ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ፤ ወዲያው ወረደ። አሥራ ሁለቱም ጉድጓድ ሞላ። ጠጠሩን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው።

«ሌላ ቦታ ቆፍር!» ብላ አህያ ጮኸች። ከርከሮ ቆፈረ፤ ሞላ። ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ቆፈረ፤ ሞላ።

አንበሳ ጎፈሩ ረጥቦ አንገቱን ደፋ። «ያልተጫወቱት ጨዋታ አሸናፊ የለውም። ፍርድ ፍርድ ነው፤ ዋሻው ባለበት ይቆይ።»

ቀበሮ እጅ ነስታ ወደ ዋሻዋ ገባች። ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። አህያ ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር አስገብታ ጀርባዋን ለበረዶው ሰጠች። ጅብ አጠገቧ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ «ስሙ ግን ጥሩ ነበር» አላት።

«እንግዲያው ስሙ ውስጥ ገብተህ ተጠለል» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ በሥራ ሰዓት ስለ ስም የሚያጨቃጭቀንን ሰው ሥራው ቢቀር ምን እንደሚያገኝ አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።