ኮሚቴው ሳይሰማ የታረቁት ተማሪዎች

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ተደባደቡ። የበሩ ጥበቃ ሴትዮ ሁለቱንም አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ በየተራ ሰማቻቸውና አስታርቃ ወደ ክፍል ላከቻቸው።

ይህን የሰሙት ርዕሰ መምህር ወንድይፍራው ቢሯቸው አስጠሯት። የትምህርት ቤቱ የእርቅ ኮሚቴ እሳቸውና ምክትላቸው ናቸው። ሁለቱ ግን ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቢሯቸው ጎን ለጎን ሆኖ የሚጻጻፉትን ደብዳቤ የምታመላልሰው እሷው ናት።

"ኮሚቴ እያለ ማን ፈቅዶልሽ ነው የምታስታርቂው?" አሏት። "ለምን ወደ እኛ አላመጣሻቸውም? በቂ ምክንያት ከሌለሽ ከሥራሽ ትሰናበቻለሽ።"

"ላመጣቸው ነበር ጌታዬ" አለች ሴትዮዋ። "ግን ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ መጀመሪያ እናንተን ካላስታረቅን ብለው እዚህ ሲውሉ ትምህርት እንዳያመልጣቸው ፈርቼ ነው።"